የሦስተኛው ገቢር ጀርባ

በሬዲዮ ቀርበው ሰው የሚመክሩ ሰዎች የት ሰፈር ነው የሚኖሩት? ለነገር ብዬ አይደለም የምጠይቀው። አድራሻቸውን ባገኝ አንድ ሳምንት እኛ ግቢ አምጥቼ ላኖራቸው ስለምፈልግ ነው።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ ማር ማር የሚል አንድ ሰውዬ በሬዲዮ ቀርቦ፣ «የፈጠራ ሰው ሪትም ያስፈልገዋል» አለ። «በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር ላይ ቁጭ ይበል። አእምሮው ሰዓቱን ሲለምድ ሐሳብ ራሱ መጥቶ በሩን ያንኳኳል።» ልብ አድርጉልኝ፣ ሐሳብ ያንኳኳል ነው ያለው። ከሐሳብ ሌላ ማን ማን እንደሚያንኳኳ ትንፍሽ አላለም። ያን ቢነግረኝ ኖሮ እዚህ ሁሉ ውርደት ውስጥ አልገባም ነበር።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ላጤ። ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ስድስት አባወራ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ። ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት በዚያ ዘመን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቲያትር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሦስት ገቢር ጨርሻለሁ። በሦስተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ባለታሪኬ አልማዝ ባሏን ልትፈታ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። እዚያው እንደቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ትሂድ ትቅር አላውቅም። እኔ ቁጭ ብዬ እሷ ስትቆም ያሳፍረኛል። አንድ ቲያትር ቤት ደግሞ አዳዲስ ድርሰት የምቀበለው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሁለት ወር አለኝ። ዘንድሮ አራተኛውን ገቢር ካልጨረስኩ ብዕር ሁለተኛ አላነሳም ብዬ ለራሴ ምዬአለሁ።

ታዲያ ጸጥ ብዬ ሥራዬን መሥራት ስችል፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሪትሜን ለግቢው አወጅኩ። እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቧንቧው አጠገብ በተሰበሰበበት፣ «ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። በዚያ ሰዓት እባካችሁ አታንኳኩብኝ» አልኩ።

የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ እጅ የሚያሹት ልብስ ላይ ቆመ። «በየቀኑ?» አሉኝ።

«በየቀኑ።»

«የትም ሳትሄድ?»

«የትም ሳልሄድ።»

«እግዜር ይስጥልን» አሉና ልብሳቸውን ማሸት ቀጠሉ።

ምስጋናው ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ማን ነው ደራሲ ስለ ጻፈ የሚያመሰግን? እኔ ግን ደስ አለኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሐሳብ መጣ ብዬ ስከፍት እትዬ አስካለ ናቸው፣ አራት ጀሪካን ይዘው። «መምህር፣ ውሃ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቢሮ ማጽዳት ላይ ነኝ። ያው አንተ እዚሁ ስለሆንክ» አሉና አስቀምጠውት ሄዱ። «አታንኳኩ ብዬ ነበር እኮ» ስላቸው፣ ከበር ዞረው፣ «ነገ ሳላንኳኳ አስቀምጥልሃለሁ» አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። ማክሰኞ በሬን ስከፍት አሥራ ስምንት ጀሪካን እንደ ተማሪ ተሰልፎ ጠበቀኝ። የስድስቱም ቤት ነው።

ያ ቧንቧ ጠባዩ ልዩ ነው። መጀመሪያ ይስላል፣ ቀጥሎ ዝገት ይተፋል፣ ከዚያ እንደ ምንም ውሃ ይሰጣል፣ ከዚያ ያኮርፋል። በሳምንት ውስጥ ገና ሲስል ከወንበሬ ብድግ የምል ሆንኩ። የሬዲዮው ሰውዬ እውነቱን ነው፣ አእምሮ ሰዓት ይለምዳል። የእኔ አእምሮ የለመደው የውሃውን ሰዓት ነው።

ከውሃው ቀጥሎ ቁልፍ መጣ። ድሮ ሰው ቁልፉን ከምንጣፍ ሥር ይደብቅ ነበር፤ አሁን እኔ አለሁ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ቀጥታ እኔ ዘንድ እየመጣ፣ «የግቢው ተጠሪ አንተ ነህ አሉኝ» ይለኛል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ልብስ ይሰጣና፣ «ዝናብ ከመጣ አንሳልኝ» ይባላል። የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ይመጣል እንጂ ላይመጣ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ግሡ ላይ ሳልደርስ ሮጬ ወጥቼ የሰው አንሶላ እሰበስባለሁ። ስመለስ ግሡ የለም። እኔ የምለው፣ ሰው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቢቀመጥ ሥራ ገባ ይባላል። ቤቱ ሲቀመጥ ግን ሥራ የፈታ ነው። ወንበሩ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

የባሰ አታምጣ ነው እንጂ፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የእድራችን ሊቀመንበር መጡ። የመጡት እኮ በሰዓቴ ነው፣ ልክ በሁለት ሰዓት። «የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነህ ተመርጠሃል» አሉኝ።

«ማን መረጠኝ?»

«ጉባኤው፣ በሙሉ ድምፅ።»

«እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም።»

«እኮ፣ ስለዚህ ተቃውሞ አልነበረም።» የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ፣ አልማዝ ላይ አስቀመጡት። «ሐዘንተኛ ሰዓት አይመርጥም፣ መምህር። አንተ ደግሞ ሰዓት አለህ።»

ከዚያ ወዲህ ድስት አስረክባለሁ፣ ድስት እረከባለሁ። ጣሳና አግዳሚ ወንበር እቆጥራለሁ። ለቅሶ ባለበት ቀን አንድ ማንኪያ ጎደለ ብሎ ሐዘንተኛ መጠየቅ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ነሐሴ ሲገባ ከአራተኛው ገቢር የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፦ «መጋረጃው ሲከፈት አልማዝ በሩ ላይ ቆማለች።» ይህንን ደግሞ ከበፊቱም ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ጠዋት ቧንቧው ሳል ሳይጀምር ብድግ አልኩ። ሦስተኛውን ገቢር በፎልደር ይዤ፣ ኪሴ ላይ ብዕር ሰክቼ፣ የምቀመጥባትን ዱካ በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ። እትዬ አስካለ፣ «ወዴት ነው በሰዓትህ?» ብለው ተቆጡኝ። በሰዓቴ የሚቆጡት እሳቸው ሆነው አረፉት። 

የት ልሂድ? ልደታ ማርያም ግቢ እንዳልገባ ጾሙ ፍልሰታ ነው፣ አስቀዳሹ ጢም ብሎ መቆሚያ እንኳ የለም። ወደ ፍርድ ቤቱ ወጣሁ። እዚያ በአጥሩ ጥግ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ታይፕራይተራቸውን ጉልበታቸው ፊት ደቅነው ተደርድረዋል። ደስ አለኝ። እዚህ ሁሉም ሰው ይጽፋል፣ ስለዚህ የሚጽፍ ሰው ለማንም ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ የሚረብሸኝ የለም ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት ተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ከመጨረሻው ጃንጥላ እልፍ ብዬ ዱካዬን አስቀመጥኩና ወረቀቴን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ነጠላቸውን ያደገደጉ አንዲት እናት አጠገቤ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «ብርቅነሽ እባላለሁ፣ ከአብነት ነኝ። በል ጻፍልኝ ልጄ» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለሁም። ደራሲ ነኝ።»

«ያም ይጻፋል አይደል?»

«ይጻፋል፣ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ጋ ይሂዱ፣ እነሱ ናቸው ጸሐፊዎቹ።»

እማማ ብርቅነሽ ወደ ጃንጥላዎቹ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «እነሱ ዘንድ ወረፋ አለ። አንተ ዘንድ ማንም የለም» አሉ።

እውነት ነው፣ ግን እንዲህ ፊት ለፊት ይነገራል? ተናድጄ ልነሳ ስል ጉዳያቸውን ጀመሩት። ሸምሱ የሚባል ጎረቤት አላቸው፣ ቆርቆሮ ሠሪ። አምና የራሱን ጣሪያ ሲያድስ የአሸንዳውን አፍ ወደ እሳቸው ግድግዳ አዞረው። ዝናብ በጣለ ቁጥር የጣሪያው ውሃ በሙሉ የእሳቸው ጭቃ ቤት ላይ ይወርዳል። አሥር ጊዜ ነግረውታል። አሥር ጊዜም «እሺ እማማ» ብሏቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ምርጊቱ ተገምሶ የሚተኙበት ትራስ ላይ ወደቀ። ግድግዳው አንድ ደህና ዝናብ ቢመታው ይወድቃል፣ ከሥሩ ደግሞ አልጋቸው ነው።

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም። የሰፈሩን ሁሉ አሸንዳ የሚሠራ ሰው የራሱን ማዞር አቅቶት! የወር ንዴቴ፣ ጀሪካኑ፣ አንሶላው፣ የእድሩ ድስት፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ብዕሬ ወረደ። የነበረኝ አንድ ባዶ ወረቀት ወዲያው ስለሞላ የሦስተኛውን ገቢር ወረቀቶች ገልብጬ በጀርባቸው እጽፍ ጀመር። ገቢሩን በሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም፤ ያለኝ ያው ብቻ ነው። አንገቴን ሳላነሳ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ሁለት ዓመት የጠፋብኝ ነገር ተገኘ፣ ሪትም። የተገኘው ግን በማመልከቻ ላይ ነው፤ ለምን አልናደድ?

ሳነብላቸው እማማ ብርቅነሽ አለቀሱ። የጀመርኩት ከደመናው ነው፣ በትራሱ በኩል አድርጌ፣ ባላቸው ያንን ግድግዳ በእጃቸው የመረጉ ቀን ድረስ ወስጄዋለሁ። በዚያ ያልፍ የነበረ ሰው ቆመ። ከጃንጥላው ሥር ወረፋ ከያዙት ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወደ እኔ መጡና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። የጃንጥላው ባለቤት፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽበታም ጸሐፊ፣ ጣታቸውን ከታይፕራይተሩ ሳያነሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። እኔም በኩራት አየኋቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ የጻፍኩትን የሰማ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እማማ ብርቅነሽ ጭኔ ላይ የነበረውን ወረቀት በሙሉ ሰብስበው ወደ መዝገብ ቤት ገቡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሆናቸው ወረቀቱን እንደያዙ ተመለሱ። «የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችው» አሉኝ። «በጣም ጥሩ ነው አለች። ግን ምን እንደሚጠይቁ አላገኘሁትም አለች። ደግሞ ጀርባው ላይ ያለችው አልማዝ ማን ናት፣ ተከሳሽ ናት ወይስ ምስክር ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አላውቃትም አልኩ። ምን ልበል?»

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ወንድሜ፣ የጻፍክላቸው ለቅሶ ነው» አሉኝ በቀስታ። «ለቅሶ ደግሞ ይለቀሳል እንጂ አይፈረድበትም። ሴትዮዋ ምን ይደረግልኝ ነው የሚሉት?»

ወደ እማማ ብርቅነሽ ዞርኩ። «አሸንዳውን ያዙርልኝ» አሉ።

ሦስት ገጽ ስጽፍ «አሸንዳውን ያዙር» የምትል ሁለት ቃል አላስገባሁም። ጋሽ ወልዴ ታይፕራይተራቸውን ጠጋ አድርገው ዘጠኝ መስመር መቱ። ያለ ደመና፣ ያለ ትራስ። ከሳሽ ማን፣ ተከሳሽ ማን፣ ነገሩ ምን፣ ምን ይታዘዝልኝ። አለቀ። ጣቶቻቸው ሲሄዱ ያለውን ምት ብትሰሙት፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ምት ነው። እሳቸውን ደግሞ ጀሪካን ሙላ የሚላቸው የለም። በቅናት አረርኩ።

እማማ ብርቅነሽ ዘጠኙን መስመር አጥፈው ብብታቸው ከተቱ። ከዚያ፣ «የመጀመሪያውንም ስጡኝ» አሉ።

«እሱ እኮ አይረባም እማማ፣ አይቀበሉትም» አልኩ፣ እያፈርኩ።

«ለፍርድ ቤት ነው ያለህ ማን ነው? ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሰጣል። ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም» አሉና ከጋሽ ወልዴ እጅ ወስደውት ሄዱ።

አንድ ሰዓት ያህል ንዴቴን ስውጥ ቆይቼ ወደ ሥራዬ ልመለስ ፎልደሩን ከፈትኩ። ባዶ ነው። አልማዝ የለችም። ሦስተኛው ገቢር፣ ባልና ሚስቱ የሚጣሉበት፣ ሻንጣው የሚወጣበት፣ ሁሉም በእማማ ብርቅነሽ እጅ ወደ አብነት ሄዷል።

ዱካዬን ጥዬ ሮጥኩ። ከልደታ አብነት ሩቅ አይደለም፣ ግን በነሐሴ ጭቃ፣ ደመናው እየጠቆረ፣ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት መምህር ሲሮጥ ያየ ሁሉ «ምን ሰረቀ?» ይላል። አንዱም ጮክ ብሎ ብሎኛል። ቆርቆሮ ሠሪዎቹ ሰፈር ስደርስ የሸምሱን ቤት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰው ተሰብስቧል።

ሸምሱ መሰላል ላይ ነው፣ ሚስማር በአፉ፣ መዶሻ በእጁ። አሸንዳውን እያዞረ ነው። እማማ ብርቅነሽ ከታች መሰላሉን ይዘዋል። ምን እንደተደረገ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን አስነብበውታል፤ ባላቸው ግድግዳውን የመረጉበት ቦታ ላይ ሲደርስ መሰላል ፍለጋ ተነሣ። ለካ እሱም ያኔ ልጅ ሆኖ ጭቃ ይረግጥላቸው ነበር።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። «ወረቀቴስ?» አልኩ።

ሸምሱ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ጋሼ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «ጀርባውንም አንብቤዋለሁ። ምስክር ናት ብዬ ነበር። ለመሆኑ ሴትዮዋ ሄደች ወይስ ቀረች?»

በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ራሴን ብቻ ስጠይቅ ነው የኖርኩት፤ ለራሴ ደግሞ አላውቅም ማለት ቀላል ነው። መሰላል ላይ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ግን እንዴት አላውቅም ይባላል?

«አልሄደችም» አልኩት፣ ምን እንደምቀጥል ሳላውቅ።

አንድ ሚስማር መታ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከበሩ ተመለሰች።»

ሌላ ሚስማር። «ይቅር ልትለው?»

«አይደለም። ሻንጣውን ከፈተችና ልብሷን አወጣች። የባሏን ልብስ አስገባችበት።»

እማማ ብርቅነሽ መሰላሉን እንደያዙ፣ «እሰይ፣ ቤቱስ የእናቷ አልነበር» አሉ። ቤቱ የእናቷ መሆኑን እኔ አልጻፍኩም፤ ግን የማን ሊሆን ይችላል? የእናቷ ነው። እንዲህ እያልን፣ እሱ እየመታ እኔ እያወራሁ፣ እሳቸው እያረሙኝ፣ አሸንዳውም ዞረ፣ አራተኛው ገቢርም አለቀ። ዝናቡም የመጀመሪያውን ጠብታ ጣለ።

«ይህንን አሁን ጻፈው እንጂ፣ ትረሳዋለህ» አሉኝ እማማ ብርቅነሽ።

«እኔ የምጽፈው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው» አልኩ። እንዲህ ማለቴን ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

 እጄን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝና አልጋው ጫፍ ላይ፣ እዚያ ግድግዳ ሥር አስቀመጡኝ። ሦስተኛውን ገቢር መለሱልኝ። ከብብታቸው ደግሞ የጋሽ ወልዴን ዘጠኝ መስመር አወጡና፣ «ይኸው፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ጀርባው ባዶ ነው» አሉ። እሱ ሲሞላ ሸምሱ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ ሰጠኝ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ በግድግዳው ግን አንድ ጠብታ አልገባም። እኔ እጽፋለሁ።

ወሬ መቼም ከእኔ ይፈጥናል። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ናት። «እማማ ብርቅነሽ፣ ያ ሰው የሚያስለቅስ ማመልከቻ ጸሐፊ እናንተ ቤት ነው አሉኝ። አለ?»

ብዕሬን ላስቀምጥ እጄ ወደ ታች ሄደ። ለምዶበታል።

እማማ ብርቅነሽ ተነሥተው በሩን በጀርባቸው ሸፈኑት። «አለ» አሉ። «ሥራ ላይ ነው። ነገ ነይ።»

ስለ እኔ እንዲህ ሲባል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አንገቴን አላነሳሁም፣ ዓይኔ እርጥብ ስለነበር የሲሚንቶው ከረጢት ላይ ያለውን መስመር በግምት ጨረስኩት።